ጭንዎን ካላመመዎ አልሠሩም ማለት ነው?

የዚህን ወር ጽሑፍ በራሴ ጉድ ልጀምረው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ለምርመራ ክሊኒክ ሄጄ የደም ግፊቴ 148 በ94 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ አልተቆጡኝም፣ አላስፈራሩኝምም። «ጨው ይቀንሱ፣ ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ፣ ከሦስት ወር በኋላ ደግመን እንለካለን። ካልወረደ መድኃኒት እንጀምራለን» አሉኝ። አባቴን በሃምሳዎቹ ዕድሜያቸው አልጋ ላይ ያዋላቸው ይኸው የደም ግፊት ስለነበር ነገሩን እንደ ቀልድ አላየሁትም። በዚያው ሳምንት ከቢሮዬ አጠገብ ባለ ጂም የሦስት ወር ከፍዬ ተመዘገብኩ። ሩጫ ለጉልበቴ ስለምፈራ የመረጥኩት ባለበት ቆሞ የሚነዳውን ብስክሌት፣ ብዙዎቻችን «ስፒኒንግ» የምንለውን ነው።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ነበር። ክፍሉ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ሙዚቃው ግድግዳውን ያነቃንቃል። አሰልጣኙ «ጨምሩ! አሁንም ጨምሩ!» ሲል አጠገቤ ያለችው ልጅ ማጥበቂያውን ስታዞር እኔም አዞርኩ። «ከኮርቻ ተነሱ!» ሲባል ተነሳሁ። 45 ደቂቃው አልቆ ስወርድ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። በማግስቱ ትንሽ ጠንከር ከማለት በቀር ደህና ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን ከኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ስወርድ የደረጃውን ብረት በሁለት እጄ ይዤ፣ በጎን በኩል፣ አንድ አንድ ደረጃ እየቆጠርኩ ነበር። የስድስት ዓመት ልጄ ቦርሳዬን ተቀብላኝ ከፊት ከፊቴ ወረደች።

«ተጎድቻለሁ» ብዬ ቀረሁ። አንድ ሳምንት ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ አምስት ሆነ። ስመለስ ደግሞ በፍርሃት ማጥበቂያውን ሳልነካው ሠላሳ ደቂቃ ፔዳሉን አሽከረከርኩና በማግስቱ ምንም ሳያመኝ ስነሣ «ይኼማ ከንቱ ልፋት ነው» አልኩ። በአንድ በኩል ሕመሙ አስፈራርቶ አስቀረኝ፤ በሌላ በኩል የሕመሙ አለመኖር ተስፋ አስቆረጠኝ። ከሦስቱ ወር ግማሹ እንዲህ አለቀ። የጂሙን ገንዘብ ተዉት፤ ያባከንኩት ሐኪሙ የሰጡኝን ጊዜ ነው።

ይህን የምጽፍልዎ እርስዎም ሰሞኑን ከተመዘገቡ፣ ወይም ብስክሌቱን ገዝተው ሳሎን ጥግ አቁመውት ከሆነ፣ ሁለት ጥያቄዎች እንደሚያስቸግሩዎ ስለማውቅ ነው። አንደኛው «በቂ እየሠራሁ ነው ወይስ አበዛሁት?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ይህ ሕመም የጤና ነው ወይስ የጉዳት?» የሚል ነው። ሁለቱም መልስ አላቸው።

ብስክሌቱ ለምን ያሳስታል?

ስፒኒንግን ለዓለም ያስተዋወቀው ጆኒ ጂ በሚል ስም የሚታወቀው ደቡብ አፍሪካዊ የብስክሌት ተወዳዳሪ ጆናታን ጎልድበርግ ነው። አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሆኖ ቤት ውስጥ ለመለማመድ የሠራው ብስክሌት በ1990ዎቹ ዓመታት በየጂሙ ተዛመተ። አሠራሩ ቀላል ነው። ከፊት ከባድ የብረት ጎማ አለ፤ እሱን የሚጫን ማጥበቂያ አለ። ማጥበቂያውን ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ዳገት ይሆናል፤ ወደ ግራ ሲያዞሩት ሜዳ።

ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። በብዙ ብስክሌቶች ላይ ዳገቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚነግር ቁጥር የለም። የአንዱ ብስክሌት «አንድ ዙር» የሌላው ሩብ ዙር ሊሆን ይችላል፤ አሮጌና አዲስ፣ የተጠገነና ያልተጠገነ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ጎረቤትዎ ስታዞር እያዩ ማዞር ትርጉም የለውም። እሷ ምናልባት ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ እርስዎ ሦስተኛ ቀንዎ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በአብዛኞቹ የስፒኒንግ ብስክሌቶች እርስዎ መንዳት ቢያቆሙም ጎማው በራሱ ጉልበት ይዞራል፤ ፔዳሉም አብሮት እግርዎን ይገፋል። በድንገት እግርዎን ለማውጣት ወይም ጎማውን በጭንዎ ጉልበት ለማስቆም አይሞክሩ። ፍጥነትዎን ቀስ አድርገው ይቀንሱ፤ ካስቸኮለዎ ማቆሚያውን ይጠቀሙ። ብዙውን ጊዜ ማቆሚያው ያው ማጥበቂያው ሲሆን ወደ ታች ሲጫኑት ይሠራል። ከመጀመርዎ በፊት አሰልጣኙን «ማቆሚያው የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

መጀመሪያ ኮርቻውን

የጀማሪ ሕመም የሚመጣው ከልምምዱ ብዛት ብቻ ሳይሆን ከኮርቻው ቁመትም ሊሆን ይችላል። ከብስክሌቱ ጎን ይቁሙና ኮርቻውን ከዳሌዎ አጥንት ጋር እኩል ያድርጉት። ከዚያ ይቀመጡና ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ አድርገው ፔዳሉን እስከ ታች ያውርዱት። እግርዎ ሊቀና ይገባል። አሁን የእግርዎን የፊተኛውን ሰፊ ክፍል ፔዳሉ ላይ ሲያደርጉ ጉልበትዎ በጥቂቱ ይታጠፋል፤ ትክክለኛው እሱ ነው። ሲነዱ ወገብዎ ወደ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ኮርቻው ከፍ ብሏል ማለት ነው። መሪውን ለጊዜው ከኮርቻው ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ያድርጉት፤ ወገብዎና አንገትዎ ያመሰግኑዎታል። የተስማማዎትን ቁጥር ስልክዎ ላይ ይጻፉት፤ በየቀኑ ሰው ያዛባዋልና።

ድካምዎን በሦስት ነገር ይለኩ

የመጀመሪያው መለኪያ አንደበትዎ ነው። እየነዱ ዘፈን ማንጎራጎር ከቻሉ ቀላል ነው። ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር እየቻሉ ማንጎራጎር ግን ካቃተዎ መካከለኛ ነው። ሁለት ሦስት ቃል ተናግረው ትንፋሽ ለመሰብሰብ የሚያቆሙ ከሆነ ከባድ ነው። ይህ ቀልድ የሚመስል ፈተና የስፖርት ሐኪሞችም የሚጠቀሙበት ነው። እኔ እንዲህ አስበዋለሁ፤ እህቴ ስልክ ብትደውልልኝ «ምን ሆነሽ/ምን ሆነህ ነው እንዲህ የሚያስተነፍስህ?» ሳትለኝ ማውራት እችላለሁ? ከቻልኩ መካከለኛ ላይ ነኝ። ለጀማሪ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አብዛኛው ጊዜ ማለፍ ያለበት እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ከራስዎ የሚያወጡት ቁጥር ነው። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጉናር ቦርግ ሰው ድካሙን በቁጥር እንዲናገር የሚያስችል መለኪያ አዘጋጅቷል። የመጀመሪያው ከ6 እስከ 20 የሚሄድ ነበር፤ ቁጥሩን በ10 ሲያበዙት ከጤነኛ ሰው የልብ ምት ጋር እንዲቀራረብ የታሰበ ነው። በኋላ ከ0 እስከ 10 የሚሄድ ቀለል ያለ መለኪያም ጨመረ። እኛ ይህን እንውሰድ። 0 ሶፋ ላይ መቀመጥ ነው። 3 ገበያ ለመድረስ ፈጠን ብሎ እንደመራመድ ነው። 5 ላብ የሚያወጣ፣ ትንፋሽ የሚያፈጥን፣ ግን የሚያወራ ነው። 7 ማውራት የማያስመኝ ነው። 10 ደግሞ ከዚህ በላይ አንዲት ሰከንድ አልችልም የሚያሰኝ ነው። አሰልጣኙ «ጨምሩ!» ባለ ቁጥር ራስዎን «አሁን ስንት ላይ ነኝ?» ብለው ይጠይቁ። 4 ላይ ከሆኑ ይጨምሩ። 7 ላይ ከሆኑ አይጨምሩ፤ ማንም አይቀጣዎትም። እኔ በመጀመሪያው ቀን 9 ላይ ሆኜ ነው ሦስት ጊዜ የጨመርኩት።

ሦስተኛው የልብ ምት ነው። ከ220 ላይ ዕድሜዎን ሲቀንሱ የልብዎ ከፍተኛ ምት በግምት ይገኛል። የ40 ዓመት ሰው ከሆኑ 180 ነው። መካከለኛ ልምምድ ከዚህ ላይ ከ64 እስከ 76 በመቶ ነው፤ ለ40 ዓመት ሰው በደቂቃ ከ115 እስከ 137 ምት ገደማ ማለት ነው። የእጅ ሰዓት ከሌለዎ የእጅ አንጓዎን ይዘው ለ15 ሰከንድ ይቁጠሩና በ4 ያባዙ። ነገር ግን ይህ ስሌት ግምት ብቻ ነው፤ በአንድ ዕድሜ ላይ ባሉ ሁለት ጤነኛ ሰዎች መካከል የ10 እና የ12 ምት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ልዩነት ይኖራል። አንደበትዎና ሰዓትዎ ካልተስማሙ አንደበትዎን ይመኑ።

በተለይ ለደም ግፊት ወይም ለልብ እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉ መድኃኒቶች የሚወስዱ ከሆነ የልብዎ ምት በመድኃኒቱ ስለሚያዝ ሰዓቱ «ገና ነው» እያለ እርስዎ ግን ደክመው ሊሆን ይችላል። ለእርስዎ የሚሻለው አንደበትና ከ0 እስከ 10 ያለው ቁጥር ነው። የልብ ሕመም፣ ከፍ ያለ ግፊት ወይም ስኳር ካለብዎ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ ሲሠሩ ስኳራቸው ሊወርድ ስለሚችል ልምምዱን ከምግብና ከመድኃኒት ሰዓት ጋር ማስማማት አለባቸው።

አሁን ደግሞ መለኪያ ያልሆኑትን ልጥቀስ። ላብ መለኪያ አይደለም፤ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ሃያ ሰው ሲተነፍስ ቆሞ የሚያይም ያልበዋል። የብስክሌቱ ስክሪን የሚያሳየው ካሎሪም መለኪያ አይደለም፤ ማሽኑ ስለ እርስዎ ጥቂት አውቆ የሚገምተው ነው። «500 አቃጥያለሁ» ብለው ማታ ሁለት ሳህን ቢደግሙ ሒሳቡ እርስዎ ላይ ይወድቃል።

ከፍታውንም አይርሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። እዚሁ ለኖረ ሰው ብዙም አይታወቀውም። ከድሬዳዋ፣ ከጅቡቲ ወይም ከዱባይ ለዕረፍት የመጣ ዘመድዎን ይዘው ጂም ቢሄዱ ግን በሁለት ቁጥር ቀንሶ ይጀምር። እዚያ 5 የነበረው እዚህ 7 ሊሆንበት ይችላል።

ሕመሙ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው «ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞብኝ ነው» ይላል። አይደለም። እየሠሩ ሳለ ጭንዎ ውስጥ የሚጨምረው ላክቴት ልምምዱ ካለቀ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከሁለት ቀን በኋላ ደረጃ ላይ የሚይዝዎ ሌላ ነገር ነው። አዲስ ወይም ከለመዱት የበዛ ሥራ ሲሠሩ በጡንቻ ክሮችና በዙሪያቸው ባለው ስስ ሽፋን ላይ ጥቃቅን ጉዳት ይደርሳል። ሰውነት ይህን ሲጠግን ቦታው ያብጣል፣ ሲነካም ያማል። ለዚህ ጊዜ ስለሚፈልግ ሕመሙ የሚጀምረው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ነው፤ የሚበረታው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው፤ በሳምንት ውስጥም ይጠፋል። አሜሪካዊው ቴዎዶር ሁፍ ይህን ዘግይቶ የሚመጣ ሕመም በ1902 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፎበታል፤ እንግዲህ የእኛ ጭን የመጀመሪያው አይደለም።

ይህን ሕመም አብዝቶ የሚያመጣው ጡንቻ ሸክም ይዞ በሚለጠጥበት ጊዜ የሚሠራው ሥራ ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል መሮጥ፣ ደረጃ መውረድ፣ ቁጢጥ ብሎ መነሣት ሁሉ እንዲህ ያሉ ናቸው። ብስክሌት ላይ ግን ጭንዎ ፔዳሉን ሲገፋ በአብዛኛው እያጠረ ነው የሚሠራው። በዚህ ምክንያት ብስክሌት ከሌሎች ልምምዶች ሲነጻጸር ያን ያህል አያሳምምም። ጀማሪ ከልክ በላይ ሲያጠብቅ፣ ብዙ ከኮርቻ ሲነሣ፣ ወይም የሚሽከረከረውን ጎማ በእግሩ ሲታገል ግን እንደ እኔ ይሆናል።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ ይበሉ። ብስክሌት በባሕርይው ብዙ የማያሳምም ከሆነ፣ በማግስቱ ምንም ሳያመዎ መነሣትዎ «አልሠራሁም» ማለት ሊሆን አይችልም። ልብዎና ሳንባዎ ሠርተዋል፤ እነሱ ደግሞ በማግስቱ ደረጃ ላይ አይጮሁም። በተጨማሪም ሰውነት አንድን ሥራ አንዴ ከቀመሰው በሚቀጥለው ጊዜ ያው ሥራ በጣም ያነሰ ነው የሚያመው። በአራተኛው ሳምንት ሕመሙ ሲጠፋ ልምምዱ ሥራውን አቆመ ማለት ሳይሆን ጡንቻዎ ለመደው ማለት ነው። ሕመምን እያሳደደ በየሳምንቱ ማጥበቂያውን የሚያከር ሰው የሚለካው የተሳሳተ ነገር ነው።

የሚታለፍና የማይታለፍ ሕመም

የሚታለፈው ሕመም ጠባዩ ይታወቃል። በሁለቱም ጭን ላይ እኩል ነው፤ ሰፊና ደብዛዛ ነው፤ ጣትዎን አንድ ቦታ ላይ አድርገው «እዚች ጋ» ማለት አይችሉም። ጠዋት ሲነሱ ይከብዳል፤ ትንሽ ሲራመዱ ይላላል። በየቀኑ ይቀንሳል።

የማይታለፈው የተለየ ነው። አንድ ጎን ብቻ፣ አንድ ነጥብ ላይ፣ እንደ ቢላ የሚወጋ፣ እየነዱ ሳለ የጀመረ፣ ወይም መገጣጠሚያ ላይ ያለ ሕመም ሲሆን ያቁሙ። ከጉልበትዎ ፊት ለፊት ካመመዎ ብዙውን ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ብሏል ወይም ማጥበቂያው በዝቷል። ከጉልበትዎ ኋላ ከሆነ ኮርቻው ከፍ ብሏል። ካስተካከሉ በኋላም ከቀጠለ፣ ወይም ጉልበትዎ ካበጠ፣ ሐኪም ይየው። እጅዎ የሚደነዝዝ ከሆነ መሪው ላይ እየተደገፉ ነው፤ መሪውን ከፍ አድርገው ክብደትዎን ኮርቻው ላይ ይመልሱ።

የመቀመጫ ሕመምስ? ይህ የጀማሪ ሁሉ ግብር ነው። በአብዛኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለመዳል። ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ይረዳል። መደንዘዝ ከተሰማዎ ግን አይታገሡ፤ ተነሥተው ያሳርፉት፣ የኮርቻውንም አቀማመጥ ያስተካክሉ።

እየነዱ ደረትዎን ካፈነዎ፣ ሕመሙ ወደ ክንድዎ ወይም ወደ መንገጭላዎ ከሄደ፣ ካዞረዎ ወይም ልብዎ ያለ ሥርዓት ከመታ፣ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ አይጠብቁ። ወዲያውኑ ቀስ አድርገው ያቁሙ፣ አጠገብዎ ላለ ሰው ይንገሩ፣ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ሽንትዎን ይመልከቱ

ይህን ክፍል እባክዎ አይዝለሉት። እምብዛም የማያጋጥም፣ ግን ሲያጋጥም የማያላግጥ ነገር አለ። ስሙ ራብዶማዮሊሲስ ይባላል። ጡንቻ ከመጠን በላይ ተጎድቶ ሲፈራርስ ማዮግሎቢን የተባለ ፕሮቲን ወደ ደም ይፈስሳል፤ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። በሕክምና መጽሔቶች ላይ ከተመዘገቡት ሕሙማን መካከል የመጀመሪያ የስፒኒንግ ክፍላቸውን ወስደው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል የገቡ፣ ወጣትና ጤነኛ የነበሩ ሰዎች ይገኙበታል። ምክንያቱ የጭን ጡንቻ ትልቅ መሆኑ ነው፤ ያልለመደ ሰው ደግሞ በሙዚቃውና በእልሁ ተገፍቶ ከአቅሙ በላይ ይሄዳል።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ሕመሙ ከሥራው ጋር የማይመጣጠን ከባድ ነው። ጭንዎ ያብጣል፣ ይወጠራል። ከወንበር ለመነሣት ኃይል ያጣሉ። ሽንትዎ እንደ ወፈረ ሻይ ወይም እንደ ቡና ይጠቁራል፣ መጠኑም ሊቀንስ ይችላል። ከነዚህ አንዱን ካዩ ቤት ተኝተው አያስታምሙት፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሄደው «አዲስ ከባድ ስፖርት ሠርቼ ነበር» ብለው ይናገሩ። በደምና በሽንት ምርመራ ይታወቃል፤ በጊዜ ከተደረሰበት በዋናነት በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ ይታከማል። ቀይ ሥር በልተው ከሆነ ሽንትዎ ሊቀላ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ሆኖም ጭኑ አብጦና ታሞ ሳለ ምክንያቱን ቀይ ሥር ላይ መጣል የለብዎትም።

ሲዝሉ ምን ይበጃል?

ተራው የጡንቻ ሕመም ሲይዝዎ ከሁሉ የሚሻለው ቀስ ያለ እንቅስቃሴ ነው። ሠፈር ውስጥ ሃያ ደቂቃ መራመድ ወይም ማጥበቂያውን ላላ አድርጎ አሥር ደቂቃ መንዳት ቢያንስ ለጊዜው ያላላዋል። ሞቅ ያለ ውኃ መታጠብና ቀስ ብሎ መታሸት ደስ ይላል። መሳሳብና መለጠጥ አይከፋም፤ ሕመሙን በማስቀረት ረገድ የሚያመጣው ለውጥ ግን በጣም ትንሽ መሆኑ በጥናቶች ታይቷል። ከሁሉ በላይ እንቅልፍ፣ ውኃና ምግብ ይጠግናሉ። እንቁላል፣ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ለጡንቻ መጠገኛ ፕሮቲን ይሰጣሉ።

ብዙዎቻችን የምንሮጠው ወደ መድኃኒት ቤት ነው፤ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝተን እንውጣለን። ውኃ ባነሰው ሰውነት ላይ እነዚህ መድኃኒቶች ኩላሊትን ያስቸግራሉ፤ የጨጓራና የደም ግፊት ችግር ላለበትም አይመከሩም። ሕመምን ሸፍኖ በማግስቱ ብስክሌት ላይ ለመውጣት ብለው መዋጥ ደግሞ ጭራሽ አይገባም። ሕመሙ የሚነግርዎ ነገር አለውና ይስሙት።

በጾም ወራትስ? ባዶ ሆድዎን፣ ውኃም ሳይቀምሱ፣ ከባድ ክፍል ውስጥ አይግቡ። ከበሉና ከጠጡ በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ቆይተው ቀለል ያለውን ይሥሩ። በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ ያለው ሰዓት ይሻላል። ልምምዱ ቀርቶ መራመድ ብቻ ቢሆንም ከመተው ይበልጣል።

የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት

እኔ ሁለተኛ ስጀምር የተከተልኩትን ላካፍልዎ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ቀን ብቻ፣ በመካከሉ ቢያንስ ሁለት ቀን ዕረፍት። እያንዳንዱ 20 ደቂቃ፤ 5 ደቂቃ ሰውነት ማሟሟቂያ፣ 10 ደቂቃ ቁጥር 4 ላይ፣ 5 ደቂቃ ማብረጃ። ከኮርቻ መነሣት የለም። የቡድን ክፍል ከሆነ በሩ አጠገብ ያለውን ብስክሌት ይያዙና ለአሰልጣኙ «ዛሬ 20 ደቂቃ ነኝ» ብለው አስቀድመው ይንገሩት።

በሁለተኛው ሳምንት ያው ሁለት ቀን፣ 25 ደቂቃ፣ ቁጥር 4 እና 5። በሦስተኛው ሦስት ቀን፣ 30 ደቂቃ፤ በመካከሉ አንድ አንድ ደቂቃ ብቻ ሦስት ጊዜ ወደ 6 ከፍ ይበሉ። በአራተኛው ሦስት ቀን፣ 35 ወይም 40 ደቂቃ፤ ከፈለጉ ለጥቂት ሰከንድ ከኮርቻ መነሣትን ይሞክሩ። ሕመሙ ደረጃ የሚያስቸግር ከሆነ ቀጣዩን ቀን ያራዝሙ፤ ወደ ቀጣዩ ሳምንትም አይሸጋገሩ። ጊዜንና ማጥበቂያን በአንድ ቀን አብረው አይጨምሩ።

ከዚያ በኋላ ወዴት? የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ሦስት ጊዜ 40 ደቂቃ ነድተው፣ አንድ ቀን ከታክሲ ቀድመው ወርደው ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለው ቢራመዱ 150 ሞላ። «መካከለኛ» የሚለውን ቃል ያስተውሉ። መመሪያው ደረጃ ላይ የሚያንበረክክ ሕመም ከማንም አልጠየቀም።

ታዲያ መሻሻልዎን በምን ያውቃሉ? በዚያው ብስክሌት፣ በዚያው ማጥበቂያ፣ በመጀመሪያው ሳምንት 6 የነበረው 4 ሲሆን። ከከባዱ ደቂቃ በኋላ ትንፋሽዎ ፈጥኖ ሲሰበሰብ። ጠዋት አልጋ ላይ ሳሉ የሚቆጥሩት የልብ ምት በወራት ውስጥ ዝቅ ሲል። እነዚህን በትንሽ ደብተር ይጻፉ፤ ቀን፣ ደቂቃ፣ ቁጥር፣ በማግስቱ የተሰማዎት። አንድ መስመር ይበቃል።

የእኔን ነገር ልጨርስ። ሦስቱ ወር ሲሞላ ወደ ሐኪሙ ተመለስኩ፤ ግፊቴ 142 በ90 ነበር። ግማሹን ጊዜ በፍርሃትና በእልህ እንዳባከንኩት ነገርኳቸው። ደብተሬን አገላብጠው አዩና «እንግዲህ የጀመሩት አሁን ነው» ብለው ሌላ ሦስት ወር ሰጡኝ። በስድስተኛው ወር 131 በ84 ሆነ። ለሁሉም ሰው እንዲህ ይሆናል አልልም፤ መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው መድኃኒቱን ይውሰድ። አሁንም በየጊዜው እለካለሁ።

አራተኛ ፎቅ ያለው ቤታችን አሁንም ሊፍት የለውም። ባለፈው ቅዳሜ የአሥር ኪሎ ጤፍ ዱቄት ይዤ ስወጣ ልጄ ከኋላዬ የትምህርት ቤቷን ወሬ ታወራልኝ ነበር፤ እኔም ሳላቋርጣት ሙሉ ዐረፍተ ነገር እየመለስኩላት ወጣሁ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ በልቤ «ቁጥር 4» አልኩ።

የሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ኮርቻዎን ያስተካክሉ፣ ቁጥርዎን ይወቁ።